አዲስ ኤስኤስዲ ገብቶለት የማይነሳ አሮጌ ላፕቶፕ፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በምትኩ አዲሱ ኤስኤስዲ (የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገብቷል፤ ብሎኖቹም ታስረዋል። ላፕቶፑ ሲበራ ግን የአምራቹ ምልክት ብልጭ ይልና ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ይቀራል፦ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ»። ጎንደር ውስጥ እዚህ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ወይ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ «ወንድሜ፣ ዊንዶ ጫንልኝ» ይላል። ያ ጽሑፍ ግን ዲስኩ ተበላሽቷል አይልም። የሚለው «የምነሳበት ሲስተም አላገኘሁም» ነው። ከካርቶኑ አሁን የወጣ፣ ምንም ያልነካው ጤነኛ ኤስኤስዲም ባዶ ስለሆነ ያንኑ ጽሑፍ ያመጣል።

ስለዚህ ዕቃ ከመመለስም ሆነ ዊንዶ ከማስጫን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ባዮስ ዲስኩን ያየዋል ወይ? ባዮስ ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶ በፊት የሚነቃው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ዲስኩን ካላየ ችግሩ በእጅ የሚነካ ነገር ላይ ነው፤ ፒን፣ ኬብል፣ አገጣጠም ወይም ዲስኩ ራሱ። ካየው ደግሞ ችግሩ የቅንብር፣ የፓርቲሽን (የዲስኩ አከፋፈል) ወይም የአጫጫን ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሳይለዩ የሚጀመር ጥገና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ባዮስ ለመግባት ላፕቶፑን አጥፍታችሁ እንደገና ስታበሩ ቁልፉን ደጋግማችሁ ጫኑ። ዴል፣ ኤሰር፣ አሱስና ቶሺባ ላይ ባብዛኛው ኤፍ 2 ነው። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ተጭኖ ከዚያ ኤፍ 10፤ ሌኖቮ ላይ እንደ ሞዴሉ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2። ከገባችሁ በኋላ «ስቶሬጅ»፣ «ሳታ» ወይም «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚለው ገጽ የዲስኩን ስምና መጠን ፈልጉ። የኤስኤስዲው ሞዴል ስም ተጽፎ ካገኛችሁት ዲስኩና ማዘርቦርዱ እየተነጋገሩ ነው። «ኖን» ወይም «ኤምፕቲ» ካለ ካቻቪቴውን እንደገና አንሱ።

ባዮስ ዲስኩን ካላየው

መጀመሪያ የገዛችሁት ዲስክ ለዚያ ላፕቶፕ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። አሮጌ ላፕቶፖች በብዛት የሚቀበሉት ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው (ሳታ ዲስኩና ማዘርቦርዱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው)፤ መልኩና ልኩ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሆነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ማስቲካ የሚመስለውን ኤም.2 ይቀበላሉ፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የቋንቋ ስም አይደለም። በዚያው ቅርጽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዲስክ አለ፦ ሳታ የሚናገርና ኤንቪኤምኢ የሚናገር። ሳታ ብቻ የሚያውቅ ሶኬት ውስጥ ኤንቪኤምኢ ብትሰኩ፣ ቢገባም እንኳ ባዮሱ እስከ ወዲያኛው አያየውም። ዲስኩ ጫፍ ላይ ባለው ቁርጥ መለየት ይቻላል፤ ሳታ የሆነው ባብዛኛው ሁለት ቁርጥ፣ ኤንቪኤምኢው ባብዛኛው አንድ ቁርጥ አለው። ይህ ግን የዲስኩን እንጂ የሶኬቱን አይነግራችሁም። የሶኬቱን የሚነግራችሁ የላፕቶፑ ሞዴል መመሪያ ነው፤ ሞዴሉን ከታች ካለው ወረቀት ላይ አንብባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ርዝመቱም ይለያያል፤ 2242 ማለት ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 42 ሚሊ ሜትር ሲሆን 2280 ደግሞ ርዝመቱ 80 ነው።

ባለ 2.5 ኢንቹ ላይ የሚያሳስተው ውፍረት ነው። የድሮዎቹ ሃርድ ዲስኮች በብዛት 9.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፤ የዛሬው ኤስኤስዲ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የ2.5 ሚሊ ሜትር ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሃርድ ዲስኩ ብሎን ሳይኖረው በጎማ ብቻ ተጨንቆ በሚቀመጥባቸው ላፕቶፖች ውስጥ ኤስኤስዲው ይላላል። ጠረጴዛ ላይ እያለ ይሠራል፤ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ከፒኑ ላይ ሸርተት ይላል፣ ማታ ቤት ሲከፈት «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ይመጣል። ከአንዳንድ ኤስኤስዲዎች ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ጥቁር የፕላስቲክ ክፈፍ ለዚህ ነው የተሠራው፤ አትጣሉት። ከሌለ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ጠንካራ ካርቶን በዲስኩ ልክ ቆርጦ ከላይ መደገፍ ይበቃል። የብር ወረቀት ያለበትን ግን አትጠቀሙ፣ ሾርት ያደርጋል።

አሁን ፒኖቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሳታ ዲስክ መጨረሻው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ምላስ አለው፤ አጭሩ 7 ፒን ያለው መረጃ የሚያልፍበት፣ ረጅሙ 15 ፒን ያለው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው። እያንዳንዱ ምላስ ጫፉ ላይ ስለሚታጠፍ ተገልብጦ አይገባም። ሲገባ ዲስኩ ወደ ፊት በግልጽ ሸርተት ብሎ ጥብቅ ማለት አለበት፤ በዲስኩና በሶኬቱ መካከል ክፍተት ከታየ ግማሹ ነው የገባው። ለመጫን የዲስኩን ጀርባ በሁለት አውራ ጣት እኩል ግፉ፣ ከአንድ ወገን ብቻ አትግፉ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ በአንዳንድ ላፕቶፖች በሃርድ ዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ጣት የማታክል አገናኝ ቁራጭ ትኖራለች። ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል አብራው ትወጣና የእሱ አካል ትመስላለች። አሮጌውን ዲስክ አንስታችሁ ጫፉን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ፤ ካልተመሳሰሉ ቁራጯን በቀስታ ስባችሁ ወደ አዲሱ አዛውሩ። «አልገጥም አለ» ተብሎ ከተመለሰ ዕቃ ስንቱ በዚህች ቁራጭ ምክንያት እንደሆነ ጥገና ቤቶች ያውቁታል።

የጎንደር በጋ አቧራም የራሱ ድርሻ አለው። ዓመታት ሳይከፈት የቆየ ላፕቶፕ ሶኬቱ ውስጥ ግራጫ ሽፋን ይዞ ይገኛል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ፒኖቹን በርዝመታቸው ጥረጉ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 ከመቶ አልኮልም ይሆናል፤ ግን ውሃ ስላለው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይድረቅ። ከማንኛውም ንክኪ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ደረቅ ወራት ላይ ናይለን ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሆናችሁ አትሥሩ፤ ከሰውነት የሚዘል የማይታይ ብልጭታ ቺፕ ይገድላል። ሥራ ስትጀምሩ የላፕቶፑን ባዶ ብረት ንኩ።

ጠፍጣፋ ሪባን ኬብል ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ኬብሉን ተጠራጠሩ። ቀጭን ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ኬብል ከአሮጌው ዘገምተኛ ዲስክ ጋር እየተንገዳገደ ሊሠራ ይችላል፤ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሲመጣ ግን ይፈተናል፣ ይወድቃል። ሰው «አሮጌው እየሠራ ነበር፣ ስለዚህ አዲሱ ነው የተበላሸው» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፤ አነጋገሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለዩ ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ ሁለቱንም አድርጉ። አንደኛ፣ አሮጌውን ዲስክ መልሳችሁ ግጠሙና ባዮስ ያየው እንደሆነ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ አዲሱን ኤስኤስዲ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። አሮጌው በቦታው ታይቶ አዲሱ በሌላ ኮምፒውተር ካልታየ፣ አዲሱ ነው የተበላሸው። አሮጌውም በቦታው ካልታየና አዲሱ በሌላ ኮምፒውተር ከታየ፣ ኬብሉ ወይም ሶኬቱ ነው። ሁለቱም በየፈተናቸው ከታዩ ግን አንድ ላይ አልተስማሙም ማለት ነው፤ አገጣጠሙን፣ ኬብሉን፣ የባዮሱን ቅንብር እንደገና እዩ፤ አምራቹ ለዚያ ሞዴል አዲስ ባዮስ አውጥቶ ከሆነም ይህ ጊዜው ነው። ባዮስ ስታድሱ ባትሪው የሚይዝ፣ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ አይነሳም።

ባዮስ አይቶት ዊንዶ ካልተነሳ

ዲስኩን ከአሮጌው ክሎን አድርጋችሁ (ዊንዶውንም ፋይሉንም እንዳለ ገልብጣችሁ) ከሆነና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ወይም በሰባት ቁጥርና በ«ቢ» የሚያበቃ ኮድ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው የሳታ ሞድ ነው። ባዮስ ውስጥ አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ የሚባል ምርጫ አለ። ዊንዶ የተጫነበት ጊዜ የነበረውን ሞድ ለምዶ ነው የሚነሳው፤ ሞዱ ከተቀየረበት ዲስኩን የሚያነብበትን ድራይቨር አያነሳም። ሞዱን ወደ ነበረበት መልሱት፣ ይነሳል። ለኤስኤስዲ የሚሻለው ኤኤችሲአይ ነው፤ ዲስኩ እስከ 32 ትእዛዝ ወረፋ አስይዞ እንዲያስተናግድ ያስችላል። ዊንዶ 10 ላይ ለመቀየር «ኤምኤስኮንፊግ» በሚባለው የዊንዶ ፕሮግራም ውስጥ «ሴፍ ቡት» ምረጡ፣ አጥፍታችሁ ባዮስ ግቡና ኤኤችሲአይ አድርጉ፣ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ይነሳና ድራይቨሩን ይይዛል፣ ከዚያ «ሴፍ ቡት»ን አንሱ።

እዚህ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ብልሽት አለ። ትናንት ያስተካከላችሁት ሞድ ዛሬ ተመልሶ ተበላሽቶ፣ ሰዓቱም ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ዲስኩን ተዉት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ አልቃለች። ስሟ ሲአር 2032፣ ጉልበቷ 3 ቮልት ነው፤ ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይዛ ትገኛለች። በቴስተር ስትለካ ከ2.7 ቮልት ካነሰች ትቀየር። ዋናው ባትሪ ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቅንብሩን የምትይዝለት ይህች ባትሪ ብቻ ናት። እሷም ካለቀች ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ሞድ ይመለሳል። መብራት እየመጣ በሚሄድበት ከተማ «ኤስኤስዲው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ከዲስኩ እጅግ የረከሰ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ አለመግባባት በሌጋሲና በዩኢኤፍአይ መካከል ያለው ነው። ላፕቶፕ የሚነሳበት መንገድ ሁለት ነው። የድሮው ሌጋሲ ዊንዶን የሚያነሳው ኤምቢአር ከተባለ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ነው፤ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ከጂፒቲ። ዊንዶ ስትጭኑ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፣ ዲስኩ የጂፒቲ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ የተነሳችሁበት ፍላሽ በሌጋሲ መንገድ ተነስቷል ማለት ነው። በተቃራኒው የኤምቢአር ነው ካለ በዩኢኤፍአይ ተነስቷል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። በቡት ሜኑ (ላፕቶፑ ከየት እንደሚነሳ በሚመረጥበት ዝርዝር) ውስጥ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ፣ ፊቱ ላይ «ዩኢኤፍአይ» ያለበትና የሌለበት ሁለቱ መንገዶች ናቸው። ላፕቶፑ ዩኢኤፍአይ ካለው እሱን ምረጡ። ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ ባብዛኛው የለውም፤ ፍላሹን ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ስታዘጋጁ ኤምቢአር የሚለውን ምረጡ።

ዲስኩ ላይ የተዘበራረቀ ፓርቲሽን ካለ ዊንዶ መጫኛው ውስጥ ሺፍትና ኤፍ 10 ስትጫኑ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ፊደል «ዲስክፓርት» ጻፉ፣ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ»፣ በመጠኑ ለይታችሁ «ሴሌክት ዲስክ» ከቁጥሩ ጋር፣ በመጨረሻ «ክሊን»። ከዚያ መጫኛው ራሱ በተነሳበት መንገድ ልክ ዲስኩን ያሰናዳዋል። «ክሊን» ግን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የመረጣችሁትን ዲስክ ያጸዳል። ስለዚህ አሮጌው ዲስክም ሆነ ውጫዊ ዲስክ በዚያ ሰዓት ተነቅሎ ይቀመጥ። የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበት ዲስክ በአንዲት ቁጥር ስህተት ይጠፋል።

መጫኛው «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶ 11ን ማስኬድ አይችልም» ካለ ኤስኤስዲ መቀየሩ አይረዳም። ዊንዶ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል በኩል ቢያንስ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የዊንዶ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለእነዚህ ላፕቶፖች ሊኑክስ ሚንት እውነተኛ አማራጭ ነው፤ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ከኤስኤስዲ ጋር በደንብ ይሠራል።

ክሎን ተደርጎ አልነሳ ሲል

ክሎን ማድረግ ማለት «ሲ»ን ብቻ መገልበጥ አይደለም። ከ«ሲ» ፊት የተደበቀች፣ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 500 ሜጋ የሆነች ፓርቲሽን አለች፤ ዊንዶን የሚቀሰቅሰው ፋይል ያለው እሷ ውስጥ ነው። እሷ ካልተገለበጠች ፎቶውም ሰነዱም ሁሉም አዲሱ ዲስክ ላይ አለ፣ ላፕቶፑ ግን አይነሳም። ሙሉውን ዲስክ ምረጡ። ክሎንዚላ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቀላሉ የሚሠራው አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ ሲሆን ነው፤ ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወደ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ከሆነ ቀድማችሁ ፓርቲሽኑን ማሳነስ አለባችሁ። ሲያልቅ አሮጌውን ነቅላችሁ አዲሱን ብቻ ይዛችሁ አንሱት። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ስለሚኖራቸው አብረው ከተገኙ ዊንዶ አንዱን ይዘጋል። አሁንም ካልተነሳ በዊንዶ ፍላሽ ተነስታችሁ «ስታርትአፕ ሪፔር» እስከ ሦስት ጊዜ አስኪዱ።

አሮጌው ዲስክ የታመመ ከሆነ ክሎኑ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ለሰዓታት ይቆማል፤ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም፣ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ይህን ስትሰሙ አቁሙ። የሚሞት ሃርድ ዲስክ የቀረው ሰዓት ውድ ነው፤ የግድ የሚያስፈልገውን ሰነድና ፎቶ አስቀድማችሁ ገልብጡና ዊንዶውን ከባዶ ጫኑ። ሌላም ያልተለመደ ግን ሰው የሚያሳብድ ነገር አለ፦ ዲስክ ውስጣቸው ገብቶ በዩኤስቢ የሚሰካባቸው አንዳንድ ማቀፊያዎች መረጃ የሚጻፍበትን ትንሹን የዲስክ ክፍል (ሴክተሩን) 512 ሳይሆን 4,096 ባይት አድርገው ያሳያሉ። በእነሱ ላይ ሆኖ የተገለበጠ ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ ሲገባ ባዶ ይመስላል። ማቀፊያውን ለውጣችሁ፣ ወይም አዲሱን ላፕቶፑ ውስጥ አድርጋችሁ አሮጌውን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ድገሙት።

ዊንዶ ተነስቶ ኤስኤስዲው እንደ ሁለተኛ ዲስክ ገብቶ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ካልታየ ቀላል ነው። ዊንዶ ምልክቷን ከኤክስ ጋር ተጫኑ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ፣ ጥቁር መስመር ያለበትን ባዶ ዲስክ «ኢኒሻላይዝ» አድርጉ፣ ከዚያ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም»።

መጠኑና ፍጥነቱ

«500 ጊጋ ገዝቼ 465 አገኘሁ» የሚለው ስርቆት አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶ ደግሞ 1,073,741,824 ብሎ። ስለዚህ 240 ጊጋ 223፣ 256 ጊጋ 238፣ 1 ቴራ 931 ሆኖ ይታያል። እውነተኛው ማታለል ሌላ ነው፦ ላዩ ላይ 2 ቴራ ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ያለበት ዕቃ አለ። ዊንዶም 2 ቴራ ብሎ ያሳየዋል፤ ከሞላ በኋላ ግን የቀደመውን እያጠፋ ይጽፋል። የሚለየው ዲስኩን በሙሉ በሚጽፍና መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ ኤች2ቴስትደብሊው ይህን ያደርጋል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ሰነድ ከመጫናችሁ በፊት ይደረግ።

ፍጥነቱ አሳዝኗችሁ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና «ትራንስፈር ሞድ» የሚለውን አንብቡ። «ሳታ 300» በግራ፣ «ሳታ 600» በቀኝ ካለ፣ ግራው አሁን የሚሠራበት፣ ቀኙ ዲስኩ የሚችለው ነው። አሮጌው ላፕቶፕ በሁለተኛው ትውልድ ሳታ የተሠራ ከሆነ ጣሪያው ያ ነው፤ ዲስክ መቀየር አይጨምረውም። ቅር አይበላችሁ፤ ልዩነቱ የሚሰማው በሴኮንድ በሚያልፈው ሜጋ ሳይሆን በመጠበቂያው ጊዜ ነው። ሃርድ ዲስክ አንዲት ፋይል ለማግኘት መርፌውን አንቀሳቅሶ ሳህኑ እስኪዞር ይጠብቃል፤ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው አንድ ዙር ለመጨረስ ብቻ 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ከዚያ መቶኛውን ያህል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

እዚያው ፕሮግራም ላይ «ሲ7» በሚል ኮድ የተመዘገበ የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ አለ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና እዩ። ከጨመረ መረጃው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው፤ ኬብሉና ፒኑ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ኬብሉ ሲቀየር ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ መጨመሩን ነው የሚያቆመው። ላፕቶፑ በየመሀሉ ለጥቂት ሰከንድ ድርቅ የሚል ከሆነና ይህ ቆጣሪ ካልጨመረ፣ በፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዲስኩን የሚያስተኛውን ሰዓት ዜሮ አድርጉ፣ የኤስኤስዲውን ፈርምዌር (የውስጥ ፕሮግራሙን) ከአምራቹ አድሱ። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ መጀመሪያ ሮጦ በኋላ የሚዘገይ ርካሽ ኤስኤስዲ ደግሞ አልታመመም፤ ፈጣኑ ጊዜያዊ ማከማቻው ሞልቶበት ነው። ዲስኩን ከ10 እስከ 20 ከመቶ ባዶ ተዉለት።

ሃርድ ዲስክ መርፌው በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ከፍታ ይገድበዋል፤ አምራቾቹ በብዛት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው የሚፈቅዱት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ሆና ችግር የለባትም፤ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃበር ድረስ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ከዚያ ወሰን በላይ ነው። ኤስኤስዲ ይህ ጣጣ የለበትም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኤስኤስዲው ከጠፋ

ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ የትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚመዘግብ የራሱ ካርታ አለው፤ እየሠራ ሳለ ያለማቋረጥ ያሻሽለዋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ እየሠራ መብራት ድንገት ሲሄድ ካርታው በመጻፍ ላይ ሳለ ሊቆረጥ ይችላል። በማግስቱ ባዮስ ዲስኩን አያየውም። ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም። ላፕቶፑን አብርታችሁ ባዮስ ውስጥ አስገቡና ምንም ሳትነኩ 20 ደቂቃ ተዉት፤ ኤሌክትሪክ እያገኘ ሥራ ስለማይታዘዝ ዲስኩ ካርታውን ራሱ ለመጠገን ጊዜ ያገኛል። ከዚያ አጥፉ፣ ቻርጀርና ባትሪ ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት። ተመልሶ ከታየ ዊንዶ ከማደስ በፊት ሰነዶቻችሁን ገልብጡ፤ ከኤስኤስዲ የጠፋ ፋይል ከሃርድ ዲስክ እንደሚወጣው አይወጣም። ለወደፊቱ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ከጨለማው የባሰ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ዲስኩ በሁለት ኮምፒውተር፣ በሁለት የተለያየ ኬብል ካልታየ፣ አሁን ወደ ሱቁ የመመለስ ጊዜ ነው። ደረሰኙን ያዙ፣ ባለሱቁንም «ወንድሜ፣ አንተ ጋ ባለው ኮምፒውተር ሰካውና አብረን እንየው» በሉት፤ ክርክር አያስፈልግም። ሌላ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ የሠራበትን ሰዓት እዩ። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ አሮጌ ነው።